የሞካሪ ቃል፤ ከሓወልቲ ሲመዘን

ስልክ፣ ቀሚስ፣ የፊት ቅባት ወይም ፊልም ቀድሞ የሞከረ ሰው ለሌላው የሚሰጠው አስተያየት ከምስክርነት የሚቆጠር ነው። ችሎት የቀረበ ምስክር ምን እንዳየና ከተከራካሪዎቹ ጋር ምን ዝምድና እንዳለው ይጠየቃል። ለዕቃ ምስክር ደግሞ ሦስተኛ ጥያቄ ይጨመራል፤ የት ሆኖ ሞከረው? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ዕቃው አንድ ሆኖ ሳለ ፍርዱ ከከተማ ከተማ የሚለያየው ግን በእሱ ነው። ስልኩ የሚሞላበት መብራት፣ ሻምፖው የሚታጠብበት ውኃ፣ ቅባቱ የሚውልበት ፀሐይ በሁሉም ቦታ አንድ አይደለም።

የመቐለው ሓወልቲ ክፍለ ከተማ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ስሙን ያወረሰው የሰማዕታት ሐውልት 51 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከከተማው ብዙ አቅጣጫ ይታያል። በሐውልቱ ዙሪያ የሚኖረው ሰው የሚገዛው ስልክ የተሠራው ቻይና፣ የሚለብሰው የተሰፋው ቱርክ ወይም ባንግላዴሽ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ዕቃው የሚሰማው አስተያየትም እንደ ዕቃው ከሩቅ የመጣ ነው። ለንደን ያለ ወጣት ስልክ ፈትሾ ያወራል፣ ዱባይ ያለች ሴት ቅባት ተቀብታ ታሳያለች፣ አዲስ አበባ ያለ ጋዜጠኛ ፊልም አይቶ ይፈርዳል። ምስክሮቹ ሐሰተኞች ላይሆኑ ይችላሉ። የመሰከሩት ግን ስለ ራሳቸው ከተማ ነው።

ፈትኖ መግዛት ለመቐለ እንግዳ ልማድ አይደለም። ከተማዋ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን መናገሻ ከሆነች ወዲህ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር በግመል ይወጣ የነበረው ጨው መራገፊያ ሆና ኖራለች። አሞሌው ሸቀጥም ገንዘብም ስለነበር ተቀባዩ ጠርዙ እንዳልተሸረፈ፣ እርጥበት እንዳልበላው በዓይኑም በእጁም ያረጋግጥ ነበር። በማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ላይ የነበረው ጥንቃቄማ ለዛሬ ሞካሪዎች ትምህርት ይሆናል። ነጋዴው በንግሥቲቱ ዘውድና በደረት ጌጧ ላይ ያሉት የዕንቁ ነጠብጣቦች ጎልተው መታየታቸውን ሳያይ ብሩን አይቀበልም ነበር። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1918 ለኤርትራ ቅኝ ግዛቷ መልኩ ተቀራራቢ የሆነ ብር ብታሠራም ገበያው ሳይቀበለው ቀረ። መንግሥት ያወጀውን ገንዘብ የገበያ ሰው በጣቱ ዳስሶ የጣለበት ጊዜ ነበር ማለት ነው። ነጭ ማር የሚገዛ ሰው ዛሬም በጣቱ ጫፍ ቀምሶ ነው ዋጋ የሚጠይቀው።

ኢትዮጵያ ሙከራን ወደ ሙያ ያሳደገችበት ዘርፍም አለ፤ ቡና። ለውጭ ገበያ የሚቀርበው ቡና ደረጃ ሲወጣለት ከመቶው 40 የሚሰጠው ለጥሬው ፍሬ መልክና ንጽሕና ሲሆን 60ው ተቆልቶ፣ ተፈልቶና ተቀምሶ በስኒው ላይ ለሚገኘው ጣዕም ነው። ቀማሹ ስለ አንዱ ቡና ከመናገሩ በፊት ብዙ ስኒ በተራ ይቀምሳል፤ ሚዛኑ፣ የውኃው ሙቀት፣ የጊዜው ልክ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። የግል ምላስ የጋራ መለኪያ የሚሆነው በዚህ ሥርዓት ነው። ለስልክና ለቅባት እንዲህ ያለ የቀማሾች ማኅበር ስለሌለ ክፍተቱን የሚሞላው ካሜራ የያዘ ሁሉ ነው።

ስለ ስልክ የሚነገረው አብዛኛው አስተያየት ፍጥነትን፣ የካሜራን ጥራትና የስክሪንን ድምቀት ይመዝናል። መቐለ ላይ ግን ከእነዚህ የሚቀድሙ ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው ፊደል ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ፊደሉን ማሳየት ለስልኮች ከባድ መሆኑ እየቀረ መጥቷል። መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ለአማርኛ ብቻ የተሰናዳ ቁልፍ ሰሌዳ «ቐ»ን የማያወጣ ከሆነ የመቐለ ሰው የከተማውን ስም እንኳ በራሱ ቋንቋ መጻፍ አይችልም። የትኛውም የውጭ ሞካሪ ይህን ፊደል ጽፎ አይፈትሽም። ሌላም አለ፤ በላቲን ፊደል የሚጻፍ አንድ የስልክ መልእክት 160 ሆሄ ሲይዝ በግእዝ ፊደል የሚጻፈው የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ረዘም ያለ የበዓል ምኞት በግእዝ የሚልክ ሰው የሁለትና የሦስት መልእክት ሒሳብ ይከፍላል። ብዙ ሰው «እንኳን አደረሰህ»ን በላቲን ፊደል የሚጽፈው በስንፍና ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው መብራት ነው። የኢትዮጵያ ሶኬት ባለ ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው፤ ዱባይ የተገዛ ስልክ ግን ብዙ ጊዜ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ቻርጀር ይዞ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሚገዛው ርካሽ ማገናኛ ላልቶ ብልጭ ሲል ወቀሳው በስልኩ ላይ ያርፋል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚያስከትለው የኃይል መዋዠቅም ባትሪን ይፈትናል፤ ቋሚ መብራት ባለበት አገር የተሞከረ ባትሪ ይህን ፈተና አልወሰደም።

ሦስተኛው መቐለ ያለፈችበት ታሪክ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር የስልክ አገልግሎት ተቋረጠ፤ በመካከሉ ለጥቂት ወራት ድምፅ ተመለሰ፣ በሰኔ 2013 ዳግም ጠፋ፣ መቐለ እንደገና የተገናኘችው ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ በታኅሣሥ 2015 ነው። ኔትወርክ የሌለው ስልክ ካሜራ፣ የሙዚቃ ማጫወቻና የእጅ ባትሪ ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ያለፈ ሰው የስልክን ጥሩነት በኢንተርኔት ፍጥነት አይለካም፤ በውስጡ ምን ያህል እንደሚያስቀምጥ፣ ያለ ኔትወርክ ከስልክ ወደ ስልክ እንዴት እንደሚያሻግር፣ አንዴ ከተሞላ ስንት ቀን እንደሚቆይ ይጠይቃል። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት የሆነው ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ስለሆነ አዲስ አበቤው ስለ እሱ አመስግኖም አማርሮም በጨረሰበት ጊዜ መቐለ ገና መሞከር አልጀመረችም ነበር። አንድ አገር ውስጥ ያሉ ሁለት ከተሞች ስለ አንድ አገልግሎት የተለያየ ዕድሜ ያለው አስተያየት አላቸው።

ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል የተባሉትን ስልኮች የሚያመርተው የሼንዘኑ ትራንሽን አፍሪካ ላይ ገበያ ያገኘበት ምክንያት እዚህ ላይ ይገለጣል። ካሜራውን ጥቁር ቆዳ በደብዛዛ ብርሃን እንዲያሳይ አስተካከለ፣ ሁለት ሲም አስገባ፣ ባትሪውን አተለቀ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮም ኢትዮጵያ ውስጥ መገጣጠም ያዘ። የአውሮፓና የአሜሪካ ሞካሪዎች ለእነዚህ ስልኮች ቦታ ሳይሰጡ ሚሊዮኖች ገዟቸው። «የት ሆኖ ሞከረው?» የሚለውን ጥያቄ ከሞካሪዎቹ ቀድሞ የጠየቀው አምራቹ ሆነ።

ወደ ውበት መጠበቂያዎች ሲመጣ ቦታ ይበልጥ ወሳኝ ይሆናል። መቐለ የተቀመጠችው የአንታሎ የኖራ ድንጋይ በሚባለው አለት አካባቢ ነው፤ የከተማዋ ነባር ቤቶች ግድግዳም ከዚሁ የተጠረበ ነው። በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ የከርሰ ምድር ውኃ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይሸከማል። እንዲህ ያለ ውኃ ከሳሙና ጋር ሲገናኝ አረፋ በመስጠት ፋንታ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይፈጥራል፤ ጸጉር ላይ ሲቀር ያደርቃል፣ ፊት ላይ ሲቀር ይወጥራል። ለስላሳ ውኃ ባለበት ከተማ «እንደ ሐር አደረገልኝ» የተባለለት ሻምፖ እዚህ «ጸጉሬን ገለባ አደረገው» ቢባል ሁለቱም ተናጋሪዎች እውነታቸውን ነው።

የውኃው መጠንም አለ። የመቐለ የውኃ እጥረት ዓመታት የቆየ ችግር ነው፤ ቧንቧው በማይመጣበት ቀን በጄሪካን ይገዛል። ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ ቅባት ተቀብቶ፣ እንደገና መለቅለቅ የሚፈልግ የጸጉር እንክብካቤ ዋጋው ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ብቻ አይደለም፤ የጄሪካኑም ይደመርበታል። ሰንብቶ የማይፈታ ሹሩባና ለጋ ቅቤ ከዚህ አንጻር ሲታዩ ከባህልነታቸው ሌላ የውኃ ቁጠባ ሥልት መሆናቸው ይገባል። ቅቤ ሽታው የማያስደስተው ይኖራል፤ በዚህ ላይ መከራከር ከንቱ ነው።

ስለ ፀሐይ መከላከያ ቅባት ደግሞ ከፍታ ይናገራል። መቐለ ከባሕር ጠለል 2,200 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር በባሕር ዳርቻ የተሞከረ ቅባት እዚህ የሚገጥመው ጨረር የበረታ ነው። በተጨማሪ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የመከላከያ ቁጥር የተገኘው በላቦራቶሪ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊ ግራም ተቀብቶ ነው። ቅባት ውድ የሆነበት ሰው ከዚህ ሩቡን ወይም ግማሹን ነው የሚቀባው። «ተቀብቼም ጠቆርኩ» የሚል አስተያየት ስለ ቅባቱ ሳይሆን ስለ ቁጠባው የሚናገርበት ጊዜ ብዙ ነው።

እስካሁን የተጠቀሱት ዓይንና እጅ የሚደርሱባቸው ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት ግን ማንም ሰው በራሱ ላይ ሞክሮ ሊያውቃቸው የማይችሉ ናቸው፤ የግል አስተያየት ድንበሩ እዚህ ላይ ነው። ፊት የሚያነጣ ክሬም የተቀባች ሴት «በሁለት ሳምንት ለወጠኝ» ብትል አልዋሸች ይሆናል። አንዳንዶቹ እነዚህ ክሬሞች ሜርኩሪ አለባቸው፤ ሜርኩሪ ቆዳን ያነጣል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። ኩላሊት በመስተዋት አይታይም። የሜርኩሪ ዓለም አቀፍ ስምምነት የሆነው ሚናማታ እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ ከአንድ ሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው መዋቢያዎች እንዳይመረቱና እንዳይነገዱ ወስኗል፤ ጉዳቱ በስሜት የሚደረስበት አይደለም። ጸጉር በኬሚካል ማስተኛትም ከዚሁ ይመደባል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከ33,000 በላይ ሴቶችን ለ11 ዓመት ያህል ተከታትሎ፣ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ማለስለሻ የተጠቀሙት እስከ 70 ዓመታቸው በማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 4.05 በመቶ፣ ያልተጠቀሙት ደግሞ 1.64 በመቶ እንደሚሆን ገምቷል። ጥናቱ ዝምድናውን እንጂ ምክንያቱን አላረጋገጠም። ያም ሆኖ አንዲት ሴት ለሠላሳ ዓመት ተጠቅማ «ምንም አልሆንኩም» ብትል ልትክደው የማትችለው ቁጥር ነው።

ባህላዊ የሆነው ሁሉ ከዚህ ነጻ ነው ብሎ ማሰብም አያዋጣም። በልጃገረዶቹ በዓል በአሸንዳ ዓይን የሚኳልበት ኩል በብዙ አገር የሚሠራው የእርሳስ ማዕድን ካለበት ድንጋይ ተፈጭቶ ነው፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤትም በዚህ የተነሣ ለመዋቢያነት አይፈቅደውም። ሂና ላይም ቀላል ፍተሻ አለ። የቅጠሉ ቀለም ወደ ብርቱካንና ቡናማ የሚያደላ ነው፣ ለመያዝም ሰዓታት ይወስዳል። በአጭር ጊዜ ከሰል የመሰለ ጥቁር የሚሰጥ ከሆነ የጸጉር ቀለም ኬሚካል ተደባልቆበታል፤ እሱ ደግሞ ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል። አዲስ ቅባትንም ሆነ ቀለምን ፊት ላይ ከመቀባት በፊት በክንድ መታጠፊያ ላይ ጥቂት ቀብቶ ሁለት ቀን መጠበቅ የቆዳ ሐኪሞች ምክር ነው። የቪዲዮ ሞካሪ ሁለት ቀን አይጠብቅም።

ልብስ ከሁሉ ይልቅ ለሞካሪው የሚታዘዝ ዕቃ ነው፤ ስፋቱ ሲለበስ፣ ስፌቱ ሲገለበጥ ይታያል። የመቐለ ትልቁ የልብስ ፈተና አሸንዳ ነው። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ልጃገረዶች ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው፣ ከበሮ እየመቱ፣ እየዘፈኑና እየጨፈሩ ለቀናት ይዞራሉ። የክረምቱ ዝናብ ገና ያልወጣበት ወቅት ነው። ቀለሙ የሚለቅ ጥልፍ፣ ብብቱ የጠበበ ስፌት፣ ከሩቅ ጥበብ የሚመስል የታተመ ጨርቅ በእነዚያ ቀናት ይጋለጣሉ። ነጭ ጨርቅ አርጥቦ ጥልፉ ላይ በማሸት ቀለሙ መልቀቅ አለመልቀቁን ከመግዛት በፊት ማወቅ ይቻላል፤ ባለሱቁ ይህን ሲያይ ፊቱን ማጥቆሩ የሚጠበቅ ነው።

የመቐለ የልብስ ታሪክ ግን አንድ ግራ የሚያጋባ ገጽ አለው። በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው የመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክና የባንግላዴሹ ዲቢኤል በከተማዋ የከፈተው ፋብሪካ ሸሚዝና ቲሸርት ለውጭ ገበያ ያመርቱ ነበር። ለአውሮፓ የሚላክ ልብስ ከመርከብ በፊት ናሙናው ይጎተታል፣ ይታጠባል፣ ቀለሙ ይፈተሻል፤ ፈተናውን ያላለፈ አይጫንም። በዚያው ከተማ ገበያ ላይ የሚሸጠው ደግሞ አውሮፓውያን ለብሰው የጣሉት ሳልቫጅ ነው፤ ለንግድ ማስገባቱ በሕግ የተከለከለ ቢሆንም ከቦንዳ እየተፈታ ይሸጣል። መቐለ ላይ ተፈትኖ የወጣው ልብስ ለሌላ ሲሄድ ለከተማዋ የቀረው ሌላው ለብሶ የፈተነው ሆነ። ሳልቫጅን የሚያደንቁ ሰዎች ይህን ሳያውቁት ያስረዳሉ፦ ብዙ ጊዜ ታጥቦ ያልደበዘዘ ጨርቅ ከዚያ በኋላም አይደበዝዝም። ከዚህ የተሻለ የሙከራ ሪፖርት ማግኘት ከባድ ነው። ጦርነቱ ፋብሪካዎቹን ካቆመና እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነጻ ገበያ ዕድል ተጠቃሚነት ከወጣች በኋላ የዚህ ገጽ ሌላኛው ግማሽ ተቀደደ።

በመዝናኛ ላይ የሚሰጥ አስተያየት ከሌሎቹ የሚለየው ዕቃው ከተሞከረ በኋላ የሚመለስ ባለመሆኑ ነው፤ ታይቶ ያለቀ ፊልም ለሻጩ አይሰጥም። አዲስ አበቤ በሲኒማ ላይ የሰጠው የመጀመሪያው አስተያየት ሁለት ቃል ብቻ ነበር፦ «ሰይጣን ቤት»። አጭር ቢሆንም የተናጋሪውን ፍርሃትም ጉጉትም ስለሚነግር ዛሬ በኮከብ ብዛት ከሚሰጥ ብዙ ደረጃ ይሻላል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ እያሰማ ሲጀምር የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ተቃወሙ፣ ተመልካቹ ደግሞ ተቀበለ። ትግርኛ አፉን ለፈታ የመቐለ ተመልካች ያ ድራማ ሁለት ጊዜ የተተረጎመ ያህል ነው፤ ስለ ድምፅ ተዋንያኑ የሚሰጠው ፍርድ ከአዲስ አበቤው ጋር ባይገጥም አያስገርምም።

የቀረው የዝምድና ጥያቄ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1936 የተቋቋመው የሸማቾች ማኅበር የሚፈትነውን ዕቃ ማንነቱን ሳይገልጽ ከሱቅ ይገዛል፣ በመጽሔቱም የሻጭ ማስታወቂያ አይቀበልም። ምስክርነቱ የሚታመነው ለዚህ ነው። በስጦታ የመጣን ስልክ የሚሞክር ሰው የግድ አይዋሽም፤ የሚታየው ዝንባሌ ስለ ጉድለቱ ዝም ማለት ነው፣ ዝምታ ደግሞ በቪዲዮ ላይ አይሰማም። የኢትዮጵያ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላ መልእክት ተለይቶ እንዲታወቅ ይጠይቃል። «ይህን ክሬም ከወደድኩት ቆይቻለሁ» እያለች ባለሱቁ የከፈላትን የማትናገር ሴት የዚህን ሐሳብ መንፈስ እየጣሰች ነው።

ሸማቹ ራሱ ሞካሪ እንዲሆን የሚያግዘው ሕግ ግን ብዙ ሰው ያላነበበው ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የዕቃን ጥራትና አማራጭ ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም ይላል። «ካልገዛህ ለምን ነካህ?» የሚል ባለሱቅ ቢያጋጥም ሕጉ ከሸማቹ ጋር ነው። ጉድለት የተገኘበት ዕቃም በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ መጠየቅ ይቻላል፤ ለዚህ ደረሰኝ ያስፈልጋል።

አሥራ አምስት ቀን ግን የስልክ ባትሪ የሚያብጥበት፣ ጫማ የሚገነጠልበት፣ ክሬም ቆዳ የሚያሳሳበት ጊዜ አይደለም። የቪዲዮ ሞካሪውም ዕቃውን ከካርቶን ባወጣ ሳምንት ፈርዶ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ የሚናገር ጥቂት ነው። ያን ዘግይቶ የሚመጣ እውነት የሚያውቁት ሌሎች ናቸው። ስልክ ጠጋኙ የትኛው ሞዴል በቻርጅ መሰኪያው እንደሚመለስ፣ የትኛው በስክሪኑ፣ የትኛው ጨርሶ እንደማይመጣ ያውቃል። ጸጉር ሠሪዋ የትኛዋ ደንበኛ በየትኛው ማለስለሻ ጸጉሯ ከሥሩ እንደተበጠሰ ጣቷ ያስታውሳል። ልብስ ሰፊው የሚያጠብበውና የሚጠግነው የየትኛውን አገር ስፌት እንደሆነ ይለያል። እነዚህ ሰዎች ከአምራቹ ስጦታ አልተቀበሉም፣ የሚሠሩትም በዚያው ውኃ፣ በዚያው መብራት፣ በዚያው ፀሐይ ነው። አዲስ ስልክ ሊገዛ የወጣ የሓወልቲ ሰው ከሱቁ በፊት ጠጋኙ ጋ ጎራ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ተበትኖ የቆየው ስልክ የማን ምርት እንደሆነ ቢያይ ጥያቄውን ሳይጠይቅ መልሱን ያገኛል።